የኡሑዱ አመድና የረግረጉ ደንገል



በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኡሑድ ውጊያ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሰለ፤ ጥርሳቸው ተሰበረ። ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ዐሊይ (ረ.ዐ) በጋሻ ውሃ ሲያፈሱ ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን ያጥቡ ነበር። ውሃው ደሙን ከማብዛት በቀር እንዳልፈየደ ሲያዩ ግን የሰሌን ቁራጭ አቃጥለው አመዱን ቁስሉ ላይ አደረጉት። ደሙም ቆመ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሰሌኑ ከምን እንደተሠራ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። በ751 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢብኑል ቀይም ጠይቀዋል፤ መልሳቸውም "በርዲይ" ነው፤ የእኛው ደንገል።

ደንገል ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥሩን ጭቃ ውስጥ ሰዶ ከውሃ በላይ እስከ 4 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። አገዳው ባለሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። የጥንት ግብፃውያን ወረቀትም እንዲሁ።

ኢብኑል ቀይም አመዱ ለምን እንደሠራም ያብራራሉ። ቁስልን የሚያደርቁ ነገሮች የሚያቃጥሉ ከሆኑ ደሙን መልሰው ይቀሰቅሱታል። የደንገል አመድ ግን በደንብ ያደርቃል፣ ብዙም አያቃጥልም። ለነስርም ብቻውን ወይም ከኮምጣጤ ጋር አፍንጫ ውስጥ ይነፋ እንደነበር ጽፈዋል። ከእርሳቸው 3 መቶ ዓመት በፊት ያረፉትን የኢብን ሲናን "ቃኑን"ም በማስረጃነት ጠቅሰዋል፤ እዚያም ደንገል ደም እንደሚያቆምና ትኩስ ቁስል ላይ እንደሚነሰነስ ተጽፏል።

ታዲያ ዛሬ የተቆረጠ ጣታችን ላይ አመድ እንነስንስ? አይደለም። ንጹሕ ያልሆነ አመድ ቁስልን ሊያመረቅዝ ይችላል። ዛሬ ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ አድርገን አጥብቀን እንጫናለን፤ ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም እንሮጣለን።

ፋጢማ (ረ.ዐ) ውሃው አልሠራ ሲል ቆመው አላለቀሱም፤ አስተውለው ሌላ መፍትሔ ፈለጉ። ዑለማኦቻችንም ሐዲሡን አንብበው ብቻ አላለፉም፤ ተክሉንና አሠራሩን መረመሩ። "ጢቡ ነበዊ" በሚል ስም ስልካችን ላይ የሚዘዋወረውን ሁሉ ሳንጠይቅ የምንቀበል ከሆነ፣ የተውነው ይህንኑ መንገዳቸውን ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።