የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናን ማሻሻል

የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናን ማሻሻል በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ዋና ሶፍትዌር በአዲስ እትሙ ወይም በሌላ መተካት ነው። ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ አጠራር ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና ማተሚያውን አቀናጅቶ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲሠሩ የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። በኢትዮጵያ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገኘው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ስላበቃ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ይሻላል ወይስ ባሉበት መቆየት የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች ቀርቧል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በኮምፒውተሩ ዕድሜ፣ በኢንተርኔት ሁኔታና ከዚህ በፊት የተጻፉት ሰነዶች በምን ዓይነት ፎንት እንደተጻፉ ነው።

የድጋፍ ማብቃት

ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። አምራቹ በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገኙ ቀዳዳዎችን የሚደፍን የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን ያቆማል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ቢያበቃም ሁለቱም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሥራ ላይ ቆይተዋል።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መሰራጨት የጀመረው ዋናክራይ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። ፋይሎችን እየቆለፈ ለማስከፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ እሱ ያኔ ገና ድጋፍ አልተቋረጠበትም፤ ባለቤቶቻቸው ማሻሻያውን አልወሰዱም እንጂ። አዲስ እትም ጭኖ ማሻሻያ የማይወስድ ሰውም ስለዚህ ብዙ አልዳነም።

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ከቫይረስ ነጻ ነው የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም፤ ፍላሽ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮንፊከር ከሚሰራጭባቸው መንገዶች አንዱ፣ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው የዊንዶውስ ባሕርይ ነበር። ዊንዶውስ 7 ይህን ባሕርይ ለፍላሽ ዘጋው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ በማሻሻያ መልክ ተላከ። ከኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 መሻገር ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ለማያውቅ የጽሕፈት ኮምፒውተር እንኳ ጥቅም ነበረው።

የግዕዝ ፊደልና የዊንዶውስ እትሞች

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ሶፍትዌር የራሱን አሠራር ይከተል ነበር። የዚያ ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ለፊደል አይውሉም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ። እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ በአንድ ፎንት አይበቁም። ስለዚህ ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች መከፋፈል የተለመደ ሆነ። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች በኢትዮጵያ ቢሮዎች የተስፋፉት በዚህ ዓይነት አሠራር ነው፤ የኋለኞቹ እትሞቻቸው ዩኒኮድን ጨምረዋል።

በእነዚህ የቆዩ ፎንቶች የአማርኛ ፊደላት የተቀመጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ላቲን አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ አማርኛ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ፎንቱ ከጠፋ ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው ወይም የፈተና ወረቀቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ሰነዱ ተበላሸ ወይም ቫይረስ በላው ተብሎ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነዱ ግን ደኅና ነው፤ ፎንቱ ሲመለስ ጽሑፉም ይመለሳል።

ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳና በደጋ አጋዘን ስም ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ቪስታ በዓለም ዙሪያ ከባድና ዘገምተኛ ተብሎ ብዙ ቢነቀፍም፣ አማርኛን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ለመጻፍ ያስቻለ የመጀመሪያው የዊንዶውስ እትም እሱ ነው። ዊንዶውስ 7 ይህን ወርሶ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማ የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደላትን ሲይዝ፣ በዊንዶውስ 10 ኒያላ አማርኛ በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ሲጨመር ከኢንተርኔት የሚወርድ አማራጭ ክፍል ሆነ። በኒያላ የተዘጋጀ ሰነድ ኒያላ በሌለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎንት ስለሚታይ የገጹ አቀማመጥ ሊዛባና የሠንጠረዡ መስመር ሊሻገር ይችላል። ጽሑፉ ግን ይነበባል። ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዲህ ትልቁ ሽግግር ከኤክስፒ ወደ ቪስታና ዊንዶውስ 7 የተደረገው ነው፤ ከ10 ወደ 11 መሻገር በጽሕፈት በኩል የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሰነዱ የድሮ ይሁን ዩኒኮድ ለመለየት ጽሑፉን ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ላቲንና ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ከሆነ የድሮ ነው፤ ከመሻገር በፊት ፎንቶቹንና የሶፍትዌሩን መጫኛ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ቢቻል ሰነዱን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞር ያስፈልጋል። ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ መልኩን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከሥር ያለው ጽሑፍ ላቲን እንደሆነ ስለሚቀር በአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ለመዝገብ ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኮምፒውተሩ ይችላል ወይ

መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም ጥቂቶች ሲቀሩ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት። ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚወድቁት በራም ወይም በዲስክ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። በተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ላይ ያለ ኮምፒውተርም ቢቀበለው ይንቀራፈፋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ከድሮ ሃርድ ዲስክ ጋር ለዕለት ሥራ አይመችም። ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ከሥርዓተ ክወናው ለውጥ ይልቅ ፍጥነት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከብዷል። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አካባቢ ደርሷል፤ ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው።

ዊንዶውስ 11 የሚመጣው ባለ64 ቢት ሆኖ ብቻ ነው። በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ ባለ16 ቢት ፕሮግራሞችና መጫኛዎች በእሱ ላይ አይነሡም፤ ለባለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ የማተሚያ ድራይቨርም አይሠራም። በኢትዮጵያ የሒሳብ ሥራ በሰፊው የታወቀው የፒችትሪ የቆዩ እትሞች የተሠሩት ለኤክስፒና ለዊንዶውስ 7 ዘመን ስለሆነ፣ የዓመት ሒሳብ ተቋጥሮ ሳያልቅ በብቸኛው የሒሳብ ኮምፒውተር ላይ መሞከር አይመከርም።

በመካነ ሰላምና በአካባቢው

በከተማ የሚሰጡ ምክሮች ፈጣን ኢንተርኔትና ያልተቆራረጠ መብራት እንዳለ አድርገው ይነሣሉ። ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአቀስታ በኩል የሚደረስባት መካነ ሰላም ግን ሁኔታዋ ይለያል። ከተማዋ በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ይገኝባታል። ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ከፎቶ ኮፒ ቤቶች ሌላ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችም በኮምፒውተር የሚሠሩባት ከተማ ናት።

የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ማውረድ ወጪው ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ባለ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ከተዘጋጀ ለብዙ ኮምፒውተር ይበቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሆም እትም የመጀመሪያው ማስተካከያ ላይ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት መጠየቁ ነው፤ የፕሮ እትምም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለግል አገልግሎት ሲዘጋጅ እንዲሁ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኮምፒውተሩን ያጠፋ ሰው ማስተካከያው መሐል ቆሞ ሊቀርበት ይችላል። ኔትወርክ ባለበት ሳምንት መሥራት፣ ወይም ደሴ ወርዶ ማስጨረስ ይሻላል።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ማሻሻያ መሐል ላይ ሲቋረጥ ዊንዶውስ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተገናኝቶ ሊጀመር ይገባል።

አፕግሬድና ፎርማት

በኢትዮጵያ የጥገና ቤቶች አዲስ ዊንዶውስ ማስጫን ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ፎርማት ነው። በአፕግሬድ ፋይሎች፣ ፕሮግራሞችና ፎንቶች በቦታቸው ይቆያሉ፤ ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገረ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስም ይችላል። ፎርማት ግን ሥርዓተ ክወናው ያለበትን ክፍል፣ በተለምዶ ሲ የሚባለውን፣ ያጠፋዋል። ዲ ላይ ያለው ይተርፋል ተብሎ ሲነገር ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚያየው ፋይልና ዶክዩመንትስ የሚባለው ፎልደር የሚገኙት ሲ ውስጥ መሆኑን ነው። የአንድ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ፎንቶችም እዚያው ሲ ውስጥ ስላሉ፣ ሰነዱን አትርፎ ፎንቱን ያላተረፈ ሰው ቤቱ ሄዶ የሚያገኘው የማይነበብ ጽሑፍ ነው።

ከመረብ የወረደ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ርካሽ ቢመስልም፣ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ለደኅንነት ብሎ የሚሻገር ሰው ክራክ የተደረገ እትም ከጫነ የመጣበትን ምክንያት ሽሯል።

ባሉበት መቆየትና ሌሎች አማራጮች

ዊንዶውስ 11ን የማይችል ኮምፒውተር ወዲያው አይጣልም። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቀጥልበት የተራዘመ አገልግሎት አቅርቧል። በ30 ዶላር ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል። የዓለም አቀፍ ክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው ሁለተኛው መንገድ ይቀላል።

ሌላው አማራጭ ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ዊንዶውስ 11 በማይቀበላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራሉ፤ ከመጫናቸው በፊትም ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። አቢሲኒካ የተባለው ፎንትና ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ሶፍትዌር ለሊኑክስም ስላሉ አማርኛ መጻፍ አያስቸግርም፤ ሊብረኦፊስም የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ፒችትሪን ለሚጠቀም የሒሳብ ባለሙያ ግን አይሆንም። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ተራ የፎንት ፋይሎች ስለሆኑ በሊኑክስም ይጫናሉ፤ የቆዩ ሰነዶችን ለማንበብና ለማተም ያገለግላሉ፣ በእነሱ አዲስ ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ከፎንቱ ጋር ይመጣ የነበረው የዊንዶውስ ፕሮግራም ያስፈልጋል።