የወላጅ ሰዓትና የኅዳግ ጽሑፍ፦ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ቅርስ በዲጂታል መንገድ ስለማጥናት

በአገራችን የብራና ጥናትና ዲጂታል ቴክኖሎጂ አብረው በተነሱ ቁጥር ውይይቱ ቶሎ ወደ ካሜራ፣ ወደ ኢንተርኔትና ወደ በጀት ይዞራል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ሥራውን ከሁሉ በላይ አስሮ የያዘው ግን የሚያነብና የሚመዘግብ ሰው ጊዜ ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ይህን ጊዜ ሊሰጡ የሚችሉት በአብዛኛው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ብዙዎቹም ትንንሽ ልጆች በሚያሳድጉበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ የንባቡን ሥራ ወላጅ በሚችለው መጠን ካልከፋፈለና የተሠራውንም እንደ ምርምር ካልቆጠረ፣ መሣሪያው ሁሉ ቢሟላም ቅርሱ ፎቶ ተነስቶ ሳይነበብ ይቀመጣል የሚለው የዚህ መጣጥፍ ክርክር ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከዲጂታል ዘመን በፊት የተሠራ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ 9,000 ገደማ መጻሕፍትን ፎቶ አንስቷል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የታተሙት አሥሩ የካታሎግ ቅጾች ግን የደረሱት እስከ 5,000ኛው ቁጥር ብቻ ነው። ካሜራው ሮጦ ጨርሷል፤ አንባቢው ግን ሊደርስበት አልቻለም። ያም ሆኖ የተሠራው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። የአብዛኞቹ ቅጾች አዘጋጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ የአገራቸውን ገዳማት መጻሕፍት ከሩቅ አገር፣ ከፊልም ላይ አንብበዋል። ይህ የአንድ ሊቅ ጽናት ብቻ አይደለም፤ ማንሳትና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውንም ያሳያል። ማንሳት ጉዞ ይጠይቃል። ማንበብ የሚጠይቀው እውቀት፣ ጸጥታና የማይቋረጥ ክትትል ነው።

ለወሎ ደጋ ነገሩ የበለጠ ክብደት አለው። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. በዚሁ ደጋ ያለችው የመቅደላ አምባ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር አጤ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ዘርፎ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት ካታሎጋቸውን በ1877 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ከዘረፋው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የተወሰዱት እንዲህ ቶሎ ተመዝግበው በአገሩ የቀሩት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አንባቢ መጠበቃቸው ሊያስቆጨን ይገባል። ዛሬ የመቅደላ አምባን ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። በአማራ ሳይንት ስሟ ከአጤ ገላውዴዎስ ጋር ተሳስሮ የኖረው ተድባበ ማርያም ትገኛለች። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋልዶና ተጎራብቶ ይኖራል፤ ስለዚህ የአካባቢው የጽሑፍ ቅርስ የግእዝ ብቻ አይደለም። ሸህ ጠልሃ ጀዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዓረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ ጽፈዋል። የእስልምናን ታሪክ በወሎ ያጠኑት ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድም እንዲህ ያለ የአገር ውስጥ ምንጭ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል። ዐጀሚን ለማንበብ የዓረብኛውን ፊደልና የወሎን አነጋገር አንድ ላይ ማወቅ ግድ ነው። ከመንዙማው፣ ከእስልምናው የምስጋና ዜማ ጋር ያደገ መምህር በፊደሉ ያልተመለከተውን አናባቢ ከጆሮው ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የመምህራኑ የቤት ኑሮ ይመጣል። በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ መምህር ልጅ የምትይዝለት እናትም አክስትም አጠገቡ የሉም። ሸክሙ በሚስት፣ ብዙ ጊዜም ራሷ መምህርት በሆነች ሚስት ላይ ይወድቃል። ምርምር ማለት የመስክ ጉዞ ብቻ ተደርጎ በተቆጠረ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ሳይንት ወይም በበሽሎ ወንዝ ቆላ መክረም የማትችል እናት ከጥናቱ ትወጣለች፤ ከልጆቹ ላለመራቅ የወሰነ አባትም እንዲሁ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸውም ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃድ አራስነትን እንጂ አስተዳደግን አይሸፍንም። አራት ወሩ ካለቀ በኋላ የሚመጡት ዓመታት፣ ልጁ ሌሊት የሚነቃባቸውና ትኩሳት በያዘው ቁጥር ቀን የሚስተጓጎልባቸው፣ መምህሩ ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ሊያድግ የሚገባባቸው ዓመታት ናቸው።

ታዲያ በዲጂታል ጥናት ውስጥ ለእንዲህ ያለ ኑሮ የሚስማማ ሥራ አለ ወይ? አለ፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ እሱ ነው። ዳዊትን እንውሰድ፤ ከብራና መጻሕፍት ሁሉ የሚበዛው እሱ ነውና። ይዘቱ የታወቀ ነው፦ 151 መዝሙራት፣ 15 የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን። ካታሎግ አዘጋጁ ይህን በአንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። አንዱን ዳዊት ከሌላው የሚለየው መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም የተጻፈው ነው፦ የባለቤቱ የክርስትና ስም፣ የልጅ መወለድ፣ የመሬት ሽያጭና የምስክሮቹ ዝርዝር፣ መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም የሚፍቅ ላይ የተጻፈ ግዝት። የአካባቢው የቤተሰብ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከአምስት እስከ አሥር መስመር ይሆናል። ሦስት መስመር ላይ ተቋርጦ ነገ ከአራተኛው ሊቀጠል ይችላል። ሕፃን አስተኝቶ የሚገኝ አንድ ሰዓት ለዚህ ይበቃል። አንባቢው የአገሩን ጎጥ፣ የወንዙንና የአጥቢያውን ስም ካወቀ ደግሞ ለንደን ወይም ሀምቡርግ የተቀመጠ ሊቅ በጥያቄ ምልክት ያለፈውን ቃል በእርግጠኝነት ይፈታዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንዲህ የተነበበ ጽሑፍ በማንኛውም ኮምፒውተር ሊፈለግና ሊነጻጸር ይችላል። ለሥራውም የዘወትር ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ ምስሎቹን በፍላሽ የያዘ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር።

ተቆራርጦ የተሠራ ሥራ ስሕተት ይበዛዋል የሚል ወቀሳ ይነሳ ይሆናል። ወቀሳው ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ ሳይተያዩ አንብበው፣ ልዩነታቸውን ሦስተኛ ባለሙያ ሲዳኘው ይመለሳል። ይህ አሠራር ረጅም ሰዓት ብቻውን ከተቀመጠና ከደከመ አንባቢ የተሻለ ጥራት ሊሰጥ ይችላል። የአብያተ ክርስቲያናቱና የመስጊዶቹ ስጋት ከዚህ ይከብዳል። መጽሐፍ ይፋ በወጣ ቁጥር ሌባ ይስባል፤ መቅደላን ያየ ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ምስሉ በባለቤቶቹ እጅ ሊቆይ፣ የቦታው ዝርዝር ሊሸፈንና ለጥናት የሚወጣው በፈቃዳቸው የተነበበው ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ተቃውሞ ነው። ለወላጆች የሚመች ሥራ ማለት እናቶችን ቤት አስቀምጦ፣ በእንቅልፋቸው ሰዓት ያለ ክፍያ ማሠራት ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲውም ማቆያ ከመሥራት ይገላገላል ሊባል ይችላል። ይህ አደጋ እውነተኛ ነው። ሐሳቤ ወደዚያ ከወሰደ ባይተገበር እመርጣለሁ። መልሱ ሰዓቱን በመደበኛው የሥራ ጭነት ውስጥ ማስገባት ነው። በሳምንት ለንባብ የተመደበው ሰዓት ከማስተማሪያው ክፍለ ጊዜ ይቀነስ፤ አባትም እናትም እኩል ይመደቡበት። ማቆያውም ይከፈት፤ በሕግ የታዘዘን ግዴታ የትኛውም የምርምር ዕቅድ ሊተካው አይችልም። አባቶች በሥራው ሲገቡ ልጅ ማሳደግ በዲፓርትመንቱ ስብሰባ ላይ የሴት መምህራን ችግር ብቻ ሆኖ መነሳቱ ይቀራል፤ የሰዓት ድልድሉ ሲወጣም ሁሉም የሚያገባው ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወሳኙ የማዕረግ ዕድገት መመዘኛው ነው። መምህሩ የሚመዘነው በታወቁ መጽሔቶች ባሳተመው ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ፣ 200 የኅዳግ ማስታወሻዎችን አንብቦ፣ አርሞ ለሌሎች ተመራማሪዎች ያቀረበ ሰው ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። አንድ የኅትመት ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለ ንባብ ከሌለ የሚቆምበት መሠረት የለውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት በባለሙያ የተገመገመን የንባብ ስብስብ፣ የአንባቢዎቹና የገምጋሚው ስም በግልጽ ሰፍሮ፣ እንደ አንድ የምርምር ሥራ ሊቀበል ይገባል። ጅማሬው ትንሽ ሊሆን ይችላል፦ ከአንድ ደብር አንድ መደርደሪያ፣ ከአንድ የቁርአን ቤት አንድ ሳጥን፣ ባለቤቶቹ የተስማሙበት። በማይክሮፊልሙ ካታሎግ ከ5,000ኛው ቁጥር በኋላ ከቀሩት ውስጥ የወሎን ለይቶ ማንበብም መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ የሚቻል ሥራ ነው።