ፖሊሽ ከተደረገ መኪና ላይ አቧራ ማስወገድ

ፖሊሽ ከተደረገ መኪና ላይ አቧራ ማስወገድ በተወለወለ የመኪና ቀለም ላይ ያረፈውን ብናኝ ቀለሙን ሳይጭሩ የማንሳት ሥራ ነው። በፀሐይ ሲታይ የሸረሪት ድር የሚመስለው ቀጭን ጭረት በአብዛኛው የሚመጣው መኪናው ሲታጠብና ሲወለወል ነው። በተለይ አቧራ ያለበትን ቀለም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ፖሊሹ ያመጣውን ውበት በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል። የሥራው መርሕ አንድ ነው፤ አቧራው መጀመሪያ በውኃ ወይም በአየር ከቀለሙ ይለቃል፣ ጨርቅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

የአካባቢው አቧራ

በአማራ ክልል የአዊ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድም ከእንጅባራ ይገነጠላል። ከዋናው መስመር የሚወጡ ብዙ መንገዶች ግን የአፈር ወይም የገረጋንቲ ናቸው። ክረምቱ ዝናብ የሚበዛበት በመሆኑ በዚያ ወቅት የመኪና ችግር ጭቃ ነው። ከኅዳር በኋላ ያው ጭቃ ደርቆ ይደቅና ቀይ ቡናማ አቧራ ይሆናል።

የአቧራው ወቅት ሰው መኪናውን አሳምሮ የሚወጣበት ጊዜም ነው። ጥር የሰርግ ወር ሲሆን፣ በዚሁ ወር በ23ኛው ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ይከበራል። ፖሊሽ የተደረገ የሙሽራ መኪና ከከተማ ወደ ገጠር ደርሶ ሲመለስ በአቧራ ተሸፍኖ ይገኛል፤ በችኮላ በጨርቅ ሲጠረግም ይጫራል።

አካባቢው የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅም ያረፈው በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጎድጓዳ ላይ ነው። የባዛልት ድንጋይ ሲፈራርስ ከለስላሳው ሸክላ አፈር ጋር ጠንካራ ቅንጣቶች ይቀራሉ። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ በሞዝ ሚዛን የሰው ጥፍር 2.5፣ የመስኮት መስተዋት 5.5 ገደማ ሲሆን፣ በባዛልት ውስጥ ያለው ፌልድስፓር 6፣ ኦሊቪን ደግሞ ከ6.5 እስከ 7 ይደርሳል። ስለዚህ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚልመው አቧራ በውስጡ መስተዋት መጫር የሚችል ቅንጣት ይዟል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ በብዛት ከሚመረተው ከሰል የሚነሳው ብናኝ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ነጭ መኪና ላይ ሲታሽ ያጠቁራል።

ቀለሙ ለምን ይጫራል

ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ነው። በዘመናዊ መኪና ከላይ ያለው ቀለም አልባ ሽፋን፣ በቀለም ቀቢዎች ዘንድ ክሊር የሚባለው፣ ከዚህ ውስጥ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ያህሉን ይይዛል፤ ይህም ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። ክሊር ከፕላስቲክ ጋር የሚቀራረብ ቁስ ስለሆነ ከድንጋይ ቅንጣት ጋር ሲታሽ የሚሸነፈው እርሱ ነው። እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ባሉ የቆዩ መኪናዎች ላይ ክሊር የሌለው አንድ ወጥ ቀለም ሊኖር ይችላል። ፖሊሽ ሲደረግ የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከታየ ክሊር የለውም ማለት ነው።

በተለምዶ ፖሊሽ የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጭረትን ለማጥፋት የቀለሙን የላይኛውን ገጽ በስሱ የሚፍቅ ቅባት ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይፍቅ የሚያብለጨልጭና ውኃ የሚያንሸራትት ሰም ነው። ሰሙ አቧራ በቀላሉ እንዲለቅ ይረዳል፤ ጭረት የሚከለክል ጋሻ ግን አይደለም። የሚፍቀው ፖሊሽ ደግሞ በየጊዜው ክሊሩን ያሳሳዋል። በጥንቃቄ ጉድለት ጭረት በመጣ ቁጥር ፖሊሽ የሚደረግ መኪና ሽፋኑ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው እንደገና ቀለም መቀባት ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና፣ ከነፋብሪካ ቀለሙ፣ ማቆየት ለባለቤቱ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኗል።

አዲስ ፖሊሽ የተደረገ መኪና ቶሎ አቧራ ሊይዝ ይችላል። ደረቅ ገጽ በጨርቅ ሲታሽ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ብናኝ ይስባል፤ በደንብ ሳይጠረግ የቀረ ሰምም አቧራውን ያጣብቀዋል።

አሠራር

አሠራሩ የሚመረጠው በአቧራው መጠን ነው። ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ቆሞ ስስ ብናኝ ብቻ ያረፈበት መኪና በንጹሕና ደረቅ የኮምፕሬሰር አየር ከራቅ ብሎ ሊነፋ ይችላል። የቀረው ብናኝ ለዚሁ የተሠራ አንሸራታች ፈሳሽ ተረጭቶበት በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይነሳል። ጨርቁ በአራት ሲታጠፍ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል። ጨርቁ ሳይጫኑት በቀጥታ መስመር አንድ ጊዜ ይሳብና ገጹ ይቀየራል።

ከመንገድ የመጣና በጣት ሲሰመር መስመር የሚታይበት አቧራ ግን ያለ ውኃ አይነካም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መኪናው ጥላ ውስጥ ቆሞ ኮፈኑ እስኪበርድ ይጠበቃል። በጋለ ብረት ላይ ውኃና ሳሙና ቶሎ ደርቀው ነጠብጣብ ይተዋሉ።
2. ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ብዙ ውኃ ይፈስበታል። አብዛኛው አቧራ የሚለቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ በእጅ ወይም በጨርቅ አይታገዝም።
3. ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውኃ ይይዛል።
4. ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጓንት በሻምፖው ተነክሮ ጣሪያው፣ መስተዋቱ፣ ኮፈኑ፣ ከዚያም በሮቹ ይታጠባሉ። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ጓንቱ በንጹሑ ውኃ ይለቀለቃል።
5. አሸዋ የሚበዛበት የበሮቹ የታችኛው ክፍልና የጎማው ዙሪያ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ ይታጠባል።
6. እንደገና በውኃ ተለቅልቆ ወፍራም የማድረቂያ ጨርቅ ይነጠፍበታል፤ ጨርቁ ውኃውን ሲመጥ ይነሳል እንጂ አይታሽም።

ቧንቧ በሌለበት ቦታ በ20 ሊትር ጀሪካንም መሥራት ይቻላል። ከግማሽ የማያንሰው ውኃ ጨርቅ ሳይነካ በፊት ለማለቅለቂያ ይቀመጣል፤ ቀዳዳው በጠበበ ዕቃ ሲፈስ ውኃው ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ንጹሕ የእጅ መርጫም ይረዳል፤ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት መርጫ ግን አይሆንም። ውኃው ይህን ያህል እንኳ ካልተገኘ መኪናውን እስከሚታጠብ ድረስ አቧራውን እንደያዘ መተው ይሻላል። ሳይታሽ የተቀመጠ አቧራ ቀለሙን አይጭርምና።

የተለመዱ ስሕተቶች

በደጋው የበጋ ጠዋት መኪና ላይ ጤዛ ያድራል። እርጥብ ስለሆነ ብቻ መኪናውን በጨርቅ መጥረግ ቀለሙን ይጎዳል። ጤዛው አቧራውን ያረጥበዋል እንጂ አጥቦ አይወስደውም፤ በጨርቅ ሲታሽም እንደ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አሮጌ ካናቴራና ፎጣ ቢለሰልሱም፣ ስፌታቸውና ዳራቸው ላይ የያዙት ቅንጣት ይጭራል። የላባ መጥረጊያም አቧራውን ሳያነሳ በቀለሙ ላይ ይጎትተዋል።

የልብስ ሳሙና ዱቄት ሰሙን አጥቦ ይወስደዋል። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማብረቅ ለጊዜው ቢያብለጨልጭም ቅባቱ ተከታዩን አቧራ ያጣብቃል። ላቫጆ ውስጥ አንዱ ስፖንጅ ከጭነት መኪና ጎማ ወደ ቤት መኪና ኮፈን ስለሚሸጋገር የራስን ጓንትና ጨርቅ ይዞ መሄድ ይመከራል። መሬት የወደቀ ጨርቅ እስኪታጠብ ድረስ ወደ ቀለሙ አይመለስም።

ጭረት ከታየ

ጭረቱ በጥፍር ሲነካ የማይይዝ ከሆነ ክሊሩን አላለፈም፤ በቀላል ፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል። ጥፍር ከያዘ ወይም ከሥር ሌላ ቀለም ከታየ ፖሊሽ አያጠፋውም፤ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። እንደገና ቀለም የተቀባ መኪና ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ሳምንታት ሰም አይቀባም። በዚያን ጊዜ ሽፋኑ ለጭረት ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ የሚታጠበው በብዙ ውኃ ብቻ ነው።