የአስቀሎና ቅጥር ከ1153 እስከ 1270

ዳዊት ስለ ሳኦልና ስለ ዮናታን ሲያለቅስ ስሟን የጠራት፣ ነቢያትም የገሠጿት አስቀሎና፣ ከግብፅ ወደ ሶርያ በሚወጣው ጥንታዊ መንገድ ላይ፣ በባሕር ዳር የተመሠረተች በመሆኗ፣ በየዘመኑ ነገሥታት ተፎካክረውባታል፤ በ604 ቅድመ ልደተ ክርስቶስም የናቡከደነፆር ሠራዊት አጥፍቷታል። ከዚህ ረጅም ታሪኳ ውስጥ ግን እኔ የመስቀል ጦርነትን 117 ዓመታት እመርጣለሁ፤ ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ በ1906 ያሳተመውን ሐሳብ፣ ይኸውም የሚመጣው እርምጃ በአሁኑ ሁኔታ እንጂ ወደዚያ ባደረሰው መንገድ የማይወሰንበትን ሰንሰለት፣ ለመመርመር የሚመች ዘመን ነውና። (ማርኮቭ ራሱ ሰንሰለቱን በ1913 የፈተነው፣ በባለቅኔው በፑሽኪን ግጥም 20,000 ፊደላት ላይ ነበር።)

በ1153 የመስቀል ጦረኞቹ የኢየሩሳሌም ንጉሥ ሣልሳዊ ባልድዊን ለወራት ከብቦ ከተማይቱን ግብፅን ከሚገዙት ሙስሊሞች፣ ከፋጢማውያን፣ ወሰደ፤ በ1187 የግብፅና የሶርያ ሱልጣን ሳላሃዲን ለሙስሊሞች አስመለሳት፤ በ1191 ግን የወደብ ከተማዋ አኮ ከእጁ ስለ ወጣች፣ አስቀሎናም ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሪቻርድ ልበ አንበሳ የግብፅ መግቢያ እንዳትሆን ሰግቶ፣ የቅርብ ሰውና የታሪኩ ጸሐፊ ባሃ አድ-ዲን በመሰከረለት ብርቱ ሐዘን ራሱ አፈረሳት። ሪቻርድ በ1192 መልሶ ሠራት፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሰላም ውል ደግሞ ፈረሰች፤ ከ1239 እስከ 1241 ፍራንኮች፣ ማለትም የመስቀል ጦረኞቹ፣ ግንብ አቆሙባት፤ በ1247 የግብፅ ሠራዊት ያዛት፤ በ1270 ሱልጣን ባይባርስ ግንቡን አፈረሰ።

የሰንሰለቱ ሁኔታዎች እንግዲህ ሦስት ናቸው፤ በሙስሊሞች እጅ መቆም፣ በፍራንኮች እጅ መቆም፣ መፍረስ። ሽግግሮቹ 8 ብቻ ስለ ሆኑ ለሕግ አይበቁም፤ ነገር ግን ይናገራሉ። በሙስሊሞች እጅ ከቆመችባቸው 3 ጊዜያት 2ቱ በመፍረስ ተፈጸሙ፤ በፍራንኮች እጅ ከቆመችባቸው 3 ጊዜያት 2ቱ ወደ ሙስሊሞች አለፉ፤ ከፍርስራሽ ያነሣት ግን ሁለቱንም ጊዜ ፍራንክ ነው። በየብስ ኃያል ለሆነው ለግብፅ ጌታ የፈረሰች አስቀሎና ከቆመችው ይልቅ አታሰጋም ነበር፤ ኃይሉ ከባሕር ማዶ ለሚመጣለት ግን ያለ ቅጥር ምንም አትጠቅምም።

በ1271 ይህን የሽግግሮች ስሌት የያዘ ሰው ቢኖር፣ ፍራንኮች ሦስተኛ ይሠሯታል ብሎ በርግጠኝነት በጠበቀ ነበር፤ ይህ ግን አልሆነም። ስሌቱ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግለው ሁለቱ ተፎካካሪዎች ኃይላቸው እስካልተለወጠ ድረስ ነው፤ በ1291 አኮ ወድቃ ፍራንኮች ከጠረፉ ሲወጡ፣ ከፍርስራሽ ወደ ቅጥር የሚያሸጋግረው ዕድል ባለቤት አጣ።