የቤት ማስፋፊያ ፈቃድ በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰፈሮቿ በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ ተስፋፉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ቤተሰብ ሲበዛ ግን ጠባቡ ቤት አልበቃም፤ ብዙዎች በጓሮው የጭቃ ክፍል ወይም ማድቤት ቀጠሉ። እንዲህ ያለው ቅጥያ ችግርን ቢያቃልልም የሕግ ዋስትና አልነበረውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በ3 ምድብ ከፈለ፤ አዲስ ግንባታም ሆነ ማስፋፊያ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ እንዲወጣለት አዘዘ። ባለቤቱ የይዞታ ማረጋገጫና ፕላን አቅርቦ ያመለክታል፤ የሕንፃ ሹሙ መርምሮ ይወስናል። የፈቃዱ ዋና ዓላማ የነዋሪውንና የጎረቤቱን ደኅንነት መጠበቅ ነው።