ተንጋሎ መተኮስ

ተኳሽ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው እግሩን ተክሎ የቆመ ሰው ነው። በጀርባው ተንጋሎ ሽጉጥ የሚያነጣጥር ቢታይ «ይሄ ለእንቅልፍ ነው ለተኩስ?» መባሉ አይቀርም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

የብረት ምስል ተኩስ የተወለደው በሜክሲኮ ነው። ቀድሞ የሚተኮሰው በታሰረ ሕያው እንስሳ ላይ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንስሳው ዳነ፣ ብረት ተተካ። ጨዋታው አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በ1976 የሽጉጥ ተኳሾች የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ዶሮ በ50፣ አሳማ በ100፣ የቱርክ ዶሮ በ150፣ አውራ በግ በ200 ሜትር ይቆማሉ። መምታት ብቻ አይበቃም፤ ብረቱ መውደቅ አለበት።

ታዲያ ሽጉጥ ለ200 ሜትር በምን ይጸናል? ሕጉ ሰው ሠራሽ ድጋፍን ከለከለ፤ የቀረው የገዛ አካል ነው። ተኳሹ ይንጋለላል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ሽጉጡን ከባቱ ጎን ያስደግፋል። ሪቮልቨር ከሆነ ደግሞ ከጥይት ቤቱና ከበርሜሉ መሐል የሚተፋው እሳት እንዳያቃጥለው እግሩ ላይ ቆዳ ያስራል።

አተኛኘቱ «ክሪድሙር» ይባላል። ክሪድሙር በኒውዮርክ የነበረ የተኩስ ሜዳ ነው። በ1874 አሜሪካኖችና አይሪሾች እዚያ እስከ 1000 ያርድ በጠመንጃ ሲወዳደሩ ተንጋለው የተኮሱ ነበሩ። አሜሪካኖች 934 ለ931 አሸነፉ። የጠመንጃው ብልሃት ከመቶ ዓመት በኋላ ለሽጉጥ ደረሰ ማለት ነው።

በቁም ለሚተኩስም የራሱ ውድድር አለው፤ እዚያ ያለው ክንድና ትንፋሽ ብቻ ነው። እንግዲህ «ጀግና ቆሞ ይተኩሳል» የምንል እናስብበት፦ የተንጋለለው ሰው አልሰነፈም፤ ሕግ ድጋፍ ቢነሳው ከራሱ አጥንት ድጋፍ ሠራ እንጂ።