የጦርነት ገንዘብ ለትምህርት እንዴት እንደ ዋለ



በየመሥሪያ ቤቱ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁሉ ብዙ ሰው ቆሞ የሚያነበው ስለ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚናገረውን ነው። አንባቢውም አስቀድሞ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ የማመልከቻው ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ፥ ምን ዓይነት የምስክር ወረቀት እንደሚጠየቅና የመጓጓዣውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በማስታወቂያው ላይ የማይጻፍ አንድ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ በመጀመሪያ ከወዴት መጣ? የሚለው ነው። የዚህን ገንዘብ ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ፥ ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ከአንድ ቸር ሰው ደጃፍ ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፥ የኛን ስጠቅስ ለይቼ አመለክታለሁ።

ከቻይና እንጀምር። በ1900 ዓ.ም. ቦክሰር በሚባል ስም የታወቁት የቻይና ዐመፀኞች በአገራቸው የተስፋፋውን የባዕድ ኀይል ለማስወጣት ተነሥተው በፔኪንግ ከተማ የነበሩትን የውጭ አገር ለጋሲዮኖች ከበቡ። ስምንት መንግሥታት ጦራቸውን አስተባብረው ከበባውን ሰበሩ፤ ከተማይቱም ተዘረፈች። በሚከተለው ዓመት የቻይና መንግሥት ተገዶ የፈረመው ውል 450 ሚሊዮን ታኤል የጦር ካሣ በ39 ዓመት ውስጥ ከነወለዱ እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። ታኤል ማለት ቻይናዎች ብርን ይመዝኑበት የነበረ ልክ ነው። የሕዝቡም ብዛት በዚያን ጊዜ 450 ሚሊዮን ያህል ይገመት ስለ ነበረ፥ በሽማግሌውም በሕፃኑም በያንዳንዱ ነፍስ ላይ አንድ ታኤል እንደ ተጣለ ይቈጠራል።

ከዚህ ካሣ ለአሜሪካ የደረሰው ድርሻ 24 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዋሺንግተን የቻይና ሚኒስትር የነበሩት ሊያንግ ቼንግ ይህ ገንዘብ አሜሪካ በእርግጥ ከደረሰባት ጉዳት እጅግ የበለጠ መሆኑን ደረሱበት። እኒህም ሰው በወጣትነታቸው በአሜሪካ የተማሩ ስለ ነበሩ፥ የአገሩን ቋንቋና ጠባይ ያውቁ ነበር፤ ጩኸት ሳያሰሙ፥ ግን ሳይሰለቹ፥ ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን፥ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ እየዞሩ ነገሩን አስረዱ። በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1907 ዓ.ም. ጉዳዩን ለምክር ቤቱ አቀረቡ፤ በ1908 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው ትርፍ ለቻይና እንዲመለስ ተፈቀደ።

አመላለሱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የቻይና ባለሥልጣኖች ገንዘቡን በማንቹሪያ ለልማት ሊያውሉት ያስቡ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ተማሮች ወደ አሜሪካ እንዲላኩበት እንጂ ለሌላ ነገር እንዲሆን አልፈለጉም። ስለዚህ ቻይና ካሣውን እንደ ቀድሞው ሳታጓድል ትከፍላለች፤ አሜሪካም ትርፉን ለተማሮች መላኪያ እንዲሆን ትመልሳለች። ላሚቱን መልሶ ገመዱን በእጁ እንደ ያዘ ሰው ማለት ነው። ከተማሮቹም ከመቶው ሰማንያው የእርሻ፥ የማዕድን፥ የምሕንድስናና ይህን የመሳሰለ የሥራ ትምህርት፥ ሃያው ብቻ ሕግና ሌላውን ዕውቀት እንዲማሩ ተወሰነ።

በ1909 ዓ.ም. 47 ወጣቶች በፈተና ተመርጠው ሄዱ። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ 70 ተከተሉ። በ1911 ዓ.ም. በፔኪንግ አጠገብ በቀድሞ የቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ላይ ተማሮቹን የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም ዛሬ በዓለም የታወቀው የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1910 ዓ.ም. ከሄዱት መካከል ሁ ሺ የሚባሉ ወጣት ነበሩ። በደንቡ መሠረት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እርሻ እንዲማሩ ተመደቡ። በአንድ ትምህርት ላይ ግን የአሜሪካን የፖም ፍሬ ዓይነቶች አንድ በአንድ ለይተው ስማቸውን እንዲጠሩ ተጠየቁ። የማያውቁትን ፍሬ ለመለየት ሲደክሙ ጓደኞቻቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ስለ ሆነ ፈጥነው ይጨርሱ ነበር። ከዚህም የተነሣ እርሻን ትተው ወደ ፍልስፍና ዞሩ፤ ኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ገና በአሜሪካ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. ቻይናዎች ሕዝቡ በማይናገረው በጥንታዊው ቋንቋ መጻፍ ትተው በሚናገሩበት ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያሳስብ ጽሑፍ አወጡ። በኛ አገር ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ ጽሑፍ ታሪክ የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ይረዳዋል። እንግዲህ የጦር ካሣው እርሻ እንዲያስተምር ታስቦ የቻይናን የጽሕፈት ቋንቋ ለወጠ ማለት ነው። ለእርሻ በተመደበ ገንዘብ ፍልስፍና መማር ለኦዲተር የማይመች ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም እኔ በሁ ሺ አልፈርድም።

የዚህ ካሣ ፍሬ በዚህ ብቻ አላለቀም። በ1957 ዓ.ም. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ያንግ ቸን ኒንግ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከዚሁ ገንዘብ በወጣ የትምህርት ድጎማ ነበር።

ታዲያ ይህ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ መመለስ? በአሜሪካ ብዙ ጊዜ እንደ ስጦታ ተነግሮአል። እኔ ግን ሲወሰድ ያለ አግባብ የተወሰደ ገንዘብ ሲመለስ ችሮታ ይባላል ብዬ አላምንም። ደግሞም ሌሎቹ መንግሥታት ዝም ብለው ሲቀበሉ አሜሪካ አስቀድማ መመለስዋን መካድ አይገባም።

የዚህ ነገር ታላቅ ወንድም የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ሲያልቅ የአሜሪካ ጦር በየአገሩ ብዙ ንብረት ተከማችቶ ቀረበት፤ ካሚዮን፥ የመንገድ መሥሪያ መኪና፥ የባቡር ፉርጎ፥ ድንኳን፥ የሆስፒታል ዕቃ፥ ልብስና የታሸገ ምግብ። ይህን ሁሉ ወደ አሜሪካ መልሶ ለማጓጓዝ ወጪው ከዕቃው ዋጋ የሚስተካከል ነበር። ጦርነት ያፈረሳቸው አገሮች ዕቃውን እጅግ ይፈልጉታል፤ ነገር ግን የሚከፍሉበት ዶላር የላቸውም። በገዛ ገንዘባቸው ቢከፍሉ ደግሞ ያ ገንዘብ አሜሪካ ገብቶ ምንም አይገዛም።

ከአርካንሳስ ግዛት ተመርጠው በዚያው ዓመት ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የገቡት ዊልያም ፉልብራይት በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ አመጡ። ዕቃው ለየአገሩ በአገሩ ገንዘብ ይሸጥ፤ ገንዘቡም እዚያው ተቀምጦ ለተማሮች፥ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች ልውውጥ ይዋል አሉ። እኒህ ሰው ራሳቸው በወጣትነታቸው በሌላ ሰው ገንዘብ ኦክስፎርድ የተማሩ ነበሩ። ያ ገንዘብ ሴሲል ሮድስ ከደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ማዕድን ካካበቱት ሀብት ተናዝዘው የተዉት ነው። ስለዚህ ከአፍሪካ ምድር የወጣ አልማዝ አንድ የአርካንሳስ ልጅ አስተማረ፤ ያም ልጅ አድጎ ሕግ አወጣ።

ሕጉ በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ቀረበ። ምክር ቤቱም ያለ ክርክር አሳለፈው፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ነሐሴ 1 ቀን 1946 ዓ.ም. ፈረሙበት። ያለ ክርክር ያለፈው ሁሉም ስለ ወደዱት አይደለም። ፉልብራይት ሆን ብለው የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ሕግ ማሻሻያ አስመስለው ስላቀረቡት ብዙዎቹ ልብ አላሉትም። ኋላም ራሳቸው እንደ ተረኩት፥ አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል ነገሩን ዘግይተው ሲረዱ፥ ልጆቻችንን ወደ ባዕድ ሐሳብ የሚልክ አደገኛ ነገር መሆኑን ዐውቄ ቢሆን ኖሮ ባስቀረሁት ነበር ብለዋቸዋል።

በሕጉ መሠረት ከአንድ አገር ጋር የሚደረግ ስምምነት ከ20 ሚሊዮን ዶላር፥ በአንድ ዓመት የሚወጣውም ያለ ምክር ቤት ፈቃድ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ግምት እንዳያልፍ ተወሰነ። በየአገሩም የሁለቱ መንግሥታት ሰዎች በአንድነት የሚቀመጡበት ኮሚሽን ተቋቋመ። ተማሮችን የመምረጡ የመጨረሻ ሥልጣን ለፖለቲካ ሹሞች ሳይሆን ዐሥር አባሎች ላሉት ቦርድ ተሰጠ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ነገር እስከ ዛሬ እንዲቆይ ያደረገው ዋናው ምሰሶ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ስምምነት የተፈረመው አሁንም ከቻይና ጋር ነበር፤ ኅዳር 10 ቀን 1947 ዓ.ም.። በ1948 ዓ.ም. ደርክ ቦዲ የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ የቻይናን የፍልስፍና ታሪክ ለመተርጐም ፔኪንግ ገቡ። ሥራቸውን ሲሠሩ ከተማይቱ በኮሙኒስቶች ጦር ተከበበች፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም እጅዋን ሰጠች። ቦዲ የየቀኑን ነገር እየመዘገቡ ትርጕማቸውንም ቀጠሉ። የልውውጡ ሥራ ግን በዚያው ዓመት ተቋረጠ። በ1979 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቶ ሳለ በሐምሌ 2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተዘጋ። በሁለት መንግሥታት ወዳጅነት ላይ የተመሠረተ የትምህርት ገንዘብ ወዳጅነቱ ሲናጋ አብሮ እንደሚናጋ ከዚህ ይታያል።

አሁን ደግሞ የዚህን ሕግ ጉድለት ላሳያችሁ። ገንዘቡ የየአገሩ ገንዘብ ስለ ነበረ አሜሪካ ውስጥ ዳቦ እንኳ አይገዛም ነበር። አሜሪካዊው ወደ ውጭ ሲሄድ መኖሪያውም ምግቡም መጽሐፉም ይከፈልለታል፤ የውጭ አገሩ ተማሪ ግን የሚያገኘው የመጓጓዣውን ብቻ ነው። የቀረውን ዶላር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከበጎ አድራጊ ድርጅት ለምኖ ማምጣት ነበረበት። ይህን ለማቃለል በ1948 ዓ.ም. ዶላር የሚፈቅድ ሌላ ሕግ ወጣ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም የሚያጠቃልል አዲስ ሕግ ተደነገገ። ሌላው ጉድለት የአሜሪካ ጦር ዕቃ ባልተወበት አገር የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብም አለመኖሩ ነው። የጦርነቱ ካርታ የትምህርቱ ካርታ ሆነ። ፊንላንድ እንኳ በ1949 ዓ.ም. የራስዋን ልውውጥ ያገኘችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእህል የተበደረችውን ዕዳ ሳታቋርጥ ትከፍል ስለ ነበረና የምትከፍለው ለዚሁ እንዲውል ስለ ተፈቀደ ነው። እንዲህም ሆኖ ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ በፉልብራይት ስም የተማሩትና ያስተማሩት ከ400,000 በላይ ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ኀያላን መንግሥታት ነው። ድኻ አገርስ ለሌላው ልጅ የትምህርት ገንዘብ ሊሰጥ ይችላልን? በዚህ ነገር የኛ አገር ታሪክ የሚናገረው አለው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኛ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የራሳችን ልጆችም ለከፍተኛ ትምህርት በሌሎች መንግሥታት ድጎማ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ፥ ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ባደረጉበት በ1958 ዓ.ም.፥ በኛ በ1950 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ቦታ በራሱ ወጪ ለመስጠት ቃል ገባ። ገንዘቡ የጦር ካሣ አይደለም፥ የተረፈ ካሚዮን ሽያጭም አይደለም፤ ከአገሪቱ ግምጃ ቤት የወጣ ነው። ከኬንያ፥ ከዩጋንዳ፥ ከታንጋኒካ፥ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሮች መጡ። አብዛኞቹ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ካሉ አገሮች የመጡ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት እንግዶቹ የነፃነትን አገር አይተው እንዲማሩ ነበር። ተማሮቹ ግን ለማስተማርም መጡ። በቅኝ ግዛት ሥር ሆነው የፖለቲካ ማኅበር፥ የሠራተኛ ማኅበርና የጋዜጣ ክርክር ያውቁ ነበር። የኛ ልጆች ሦስት ሺህ ዘመን ነፃነት እያሉ ሲኰሩ፥ እንግዶቹ ማኅበራችሁ የታለ? ጋዜጣችሁ ስለ ምን አይከራከርም? እያሉ ይጠይቁአቸው ነበር። መንገዱንና ትምህርት ቤቱንም ከየአገራቸው ጋር ሲያስተያዩት የኛ ልጆች ያልጠበቁትን ሰሙ። በአንድ ማዕድ የሚበላና በአንድ መኝታ ቤት የሚያድር እንግዳ የሚጠይቀውን ጥያቄ ችላ ማለት አይቻልም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር የክብር ዘበኛ ሰዎች መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ የኮሌጁ ተማሮች እነርሱን ደግፈው በአደባባይ ሰልፍ ወጡ። ስለ ተማሮች እንቅስቃሴ የጻፉት የታሪክ ሰዎች የነዚህን አፍሪካውያን ጓደኞች መምጣት ከመነቃቃቱ ምክንያቶች እንደ አንዱ ይቈጥሩታል። ይህም ከዘውዱ ግምጃ ቤት በወጣ ገንዘብ የተገኘ ፍሬ ነው፤ ሁ ሺን እርሻ ይማር ብሎ የላከው ገንዘብ ያላሰበውን እንዳስገኘ ሁሉ።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ከተማሩት ኬንያውያን አንዱ ሮበርት ኡኮ ነበሩ። የመንግሥት አስተዳደርን፥ ኤኮኖሚንና የፖለቲካ ትምህርትን አጥንተው በ1962 ዓ.ም. ተመረቁ። አገራቸው ነፃ የወጣችው በሚከተለው ዓመት ነው፤ እርሳቸውም በ1979 ዓ.ም. የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።